ከወጌሾች ቤት የወጣው ሐኪም፦ የሂው ኦወን ቶማስ ሕይወትና ሥራ

በአጥንትና በመገጣጠሚያ ሕክምና ክፍሎች ዘወትር ከሚነሡት ስሞች አንዱ ቶማስ የሚለው ነው። ጭኑ የተሰበረ ሕመምተኛ ሲመጣ የቶማስ ስፕሊንት ይጠየቃል፤ ዳሌው አልዘረጋ ያለ ልጅ ሲመረመር የቶማስ ምርመራ ይደረግለታል፤ እግሩ ወደ ውስጥ ለሚያጋድል ሰው ጫማ ሲታዘዝ የቶማስ ተረከዝ ይባላል። ስሙን የሚጠራው ብዙ ሲሆን፣ ባለ ስሙ ማን እንደ ነበረ፣ ከየትኛው ቤት እንደ ወጣና ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ስለ ምን ሲሟገት እንደ ኖረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የዚህን ሰው ሕይወት ዛሬ ማስታወስ ያለ ምክንያት አይደለም። ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በስፖርተኞች ትከሻና ጉልበት ላይ ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም ያለው የሚለጠጥ ተለጣፊ ጨርቅ ማየት የተለመደ ሆኗል። ኪኔሲዮሎጂ ቴፕ የሚባለው ይህ ጨርቅ ከስፖርት ሜዳ አልፎ ወገቡን፣ አንገቱን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሁሉ ከባለሙያ ዘንድ ሲደርስ የሚጠይቀው ነገር ሆኗል። ከሰውነት ውጭ የታሰረ ወይም የተለጠፈ ነገር የጡንቻንና የመገጣጠሚያን ሕመም በእርግጥ ያስታግሣልን? ካስታገሠስ በምን መንገድ ነው? ይህስ በምን ይታወቃል? የሚሉት ጥያቄዎች ግን ከቴፑ ይልቅ እጅግ የቆዩ ናቸው። ሂው ኦወን ቶማስ ዕድሜውን በሙሉ የደከመው በእነዚሁ ጥያቄዎች ላይ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጌሾቹ ዘር

ቶማስ ነሐሴ (ኦገስት) 23 ቀን 1834 በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ጠረፍ በምትገኘው በአንግልሲ ደሴት፣ ቦዴደርን በተባለው መንደር በአያቶቹ ቤት ተወለደ። ቤተ ሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረድ በመጣ የስብራትና የውልቃት ጥገና በደሴቲቱ ሁሉ የታወቀ ነበር። የዚህን ሙያ አጀማመር በሚመለከት በቤተ ሰቡ ውስጥ ሲተረክ የኖረው ታሪክ እንደ ተረት የሚሰማ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ አንዲት መርከብ በደሴቲቱ ዳርቻ ስትሰጥም አንድ ትንሽ ልጅ ከማዕበሉ ተርፎ ተገኘ፤ ልጁ የሚናገረውን ቋንቋ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቤተ ሰብ ወስዶ አሳደገው፤ ኤቫን ቶማስ የሚል ስምም ተሰጠው። ይህ ልጅ አድጎ በመጀመሪያ የእንስሳትን፣ በኋላም የሰዎችን የተሰበረ አጥንት በመጠገን ዝናው ወጣ ይባላል። በ2012 ይፋ የሆነ በዘሮቹ ላይ የተደረገ የዘር ምርመራ ውጤት የልጁ አመጣጥ ከካውካስ አካባቢ ሳይሆን እንደማይቀር አመልክቷል። የሙያው መሥራች ይኸው ሰው ሲሆን፣ ሐኪሙ ሂው ኦወን አራተኛ ትውልዱ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ የሙያ ባልደረባ ይህ ዓይነቱ ቤት እንግዳ አይሆንበትም። በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች ሁሉ ወጌሻ የሚባለው የስብራት፣ የውልቃትና የወለምታ አዋቂ ዕውቀቱን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ እጅ ይቀበላል፤ መጽሐፍ ሳይገልጥ በጣቶቹ ዳስሶ አጥንቱ የት እንደ ተለያየ ይለያል፤ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ደግፎ በጨርቅ ያስራል። የእግር ኳስ ቡድኖች እንኳ የተጎዳ ተጫዋች ሲወድቅ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ባለሙያ ወጌሻ ብለው ሲጠሩ ኖረዋል። የአንግልሲ ወጌሾች ሥራም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

የሂው አባት፣ እርሱም ኤቫን ቶማስ የሚባለው፣ በወጣትነቱ ደሴቲቱን ለቆ ወደ ሊቨርፑል ከተማ ገባ። ሊቨርፑል በዚያን ጊዜ ከዓለም ታላላቅ ወደቦች አንዷ ስትሆን፣ ከመርከብ ላይ ጭነት የሚያወርዱት፣ የመርከብ አካል የሚገጣጥሙትና በብረት ፋብሪካ የሚሠሩት ሰዎች በየቀኑ ይሰበሩ፣ ይወልቁ፣ ይቀጠቀጡ ነበር። የኤቫን ቤት በእነዚህ ሠራተኞች ተጣበበ። ዲግሪ የሌለው ሰው ከሐኪም ይልቅ ሕመምተኛ ማግኘቱ ያስቈጣቸው የከተማው ሐኪሞች በተደጋጋሚ ፍርድ ቤት አቀረቡት። እርሱም ከክስ ወደ ክስ ሲመላለስ አንድ ነገር ተረዳ፤ የእጁ ሙያ ምንም ያህል ቢደነቅ፣ ሕግና ዩኒቨርሲቲ የማያውቁት ሙያ ለልጆቹ ዋስትና ሊሆን እንደማይችል አየ። ስለዚህም አምስቱን ወንዶች ልጆቹን በሙሉ ሕክምና እንዲማሩ አደረገ፤ አምስቱም ሐኪሞች ሆኑ። ከእነርሱ መካከል የአባቱን ሙያ ወደ ሳይንስ ያሻገረው የመጀመሪያ ልጁ ሂው ነበር።

ትምህርትና የራስ ቤት

ሂው በልጅነቱ ደካማ ስለ ነበረ ከፊሉን ጊዜ በአንግልሲ የባሕር አየር አሳለፈ። በዚያው በልጅነቱ በአንድ ዓይኑ ላይ ጉዳት ደርሶ የታችኛው ቆቡ ተገልብጦ ቀረ፤ ከዚያም የተነሣ ጫፏ ወደ ግንባሩ የወረደ ቆብ ዕድሜውን ሙሉ ከራሱ አልለየም። ለአቅመ ትምህርት ሲደርስ በሰሜን ዌልስ በሴንት አሳፍ ከሚኖር ሐኪም አጎቱ ዘንድ አራት ዓመት ያህል በረዳትነት ሠለጠነ። ቀጥሎም በ1855 ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከዚያም በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሮ በ1857 የቀዶ ሕክምና ፈቃዱን አገኘ። የፓሪስ ሆስፒታሎችንም ጎብኝቶ ወደ ሊቨርፑል ተመለሰ።

በመጀመሪያ ከአባቱ ጋር አብሮ ሠራ። ነገር ግን ሁለቱ ብዙ አልተስማሙም። አባትየው በእጁ የሚያምን፣ ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ሲሉት ከአባቶቹ ልማድ በቀር ሌላ ምክንያት የማይሰጥ ሰው ነበር። ልጁ ደግሞ ለእያንዳንዱ ድርጊት ምክንያት የሚፈልግ፣ አንዱን ሕመምተኛ ከሌላው ጋር የሚያነጻጽር ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተለያይተው ሂው በ1859 በሃርድማን ጎዳና የራሱን ቤት ከፈተ። ከአባቱ ቢለይም ያየውን ሁሉ አልጣለም። አጥንትን በጣት ዳስሶ ማወቅን፣ ድጋፍን በሕመምተኛው ልክ መሥራትንና ሥራውን እስከ ፍጻሜ ድረስ በዓይን መከታተልን ይዞ ወጣ፤ በምክንያት ሊደግፈው ያልቻለውን ተወው። በኋላ ለሠራው ሁሉ መሠረቱ ይኸው መረጣ ነው።

በ1864 ኤልሳቤጥ ጆንስ የተባለች የዌልስ ተወላጅ አገባ። በ1866 በኔልሰን ጎዳና ቁጥር 11 ወደሚገኘው ቤት ተዛወረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ድረስ ከዚያ አልወጣም። ልጆች አልወለዱም፤ ነገር ግን የሚስቱ የወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ በ1873፣ ገና የ16 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሕክምና ሊማር ከእነርሱ ዘንድ መጣ። ይህ ወጣት በኋላ የቶማስን ስም በዓለም ያስጠራ ሰው ለመሆን በቃ።

የኔልሰን ጎዳናው ቤት

ቶማስ ሰውነቱ ቀጭን፣ ቁመቱ አጭር ነበር። ጥቁር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቈልፎ፣ ቆቡን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳይለይ በሁለት ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ ገና ጎሕ ሲቀድ ሕመምተኞቹን ለመጎብኘት ይወጣ ነበር። ተመልሶ በቤቱ የሚጠብቁትን ይመረምራል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣል፤ ሌሊት ደግሞ ይጽፋል። ዕረፍት አልወሰደም ማለት ይቻላል። ሌሎችን ለረጅም ጊዜ አሳርፎ በማዳን የታወቀው ይህ ሰው፣ ለራሱ ግን ከቶ ዕረፍት አልፈቀደም።

እሑድ ለድሆች የተመደበ ቀን ነበር። ክፍያ ሳይጠየቁ የሚታከሙ ከመቶ በላይ ሕመምተኞች በዚያ ቀን በኔልሰን ጎዳና ይሰለፉ ነበር። ከመርከብ ሠሪዎችና ከሌሎች የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበራትም ጋር ውል ስለ ነበረው በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ወደ እርሱ ይመጣ ነበር። በሆስፒታል ውስጥ የሹመት ሥራ ኖሮት አያውቅም፤ የሠራው ሁሉ የተሠራው በራሱ ቤትና በሕመምተኞቹ ጎጆ ውስጥ ነው።

ቤቱን ከሌሎች ሐኪሞች ቤት ልዩ ያደረገው ግን የእጅ ሥራ ክፍሉ ነበር። በግቢው ውስጥ ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ሠሪ ቀጥሮ ያሠራ ነበር። ሕመምተኛው ሲመጣ እግሩ ይለካል፤ ብረቱ በእሳት ይጋላል፤ በልኩ ይቈለመማል፤ ቆዳና ለስላሳ ነገር ይለበስበታል፤ ከዚያም ቶማስ ራሱ ያስረዋል። ድጋፉ ካቈሰለ ወይም ካላላ በማግሥቱ ይስተካከላል። ከሩቅ ሱቅ የመጣ፣ ለሁሉ በአንድ ልክ የተሠራ ማሰሪያ በዚያ ቤት አይታወቅም ነበር።

ስለ ዕረፍት የነበረው ትምህርት

ቶማስ ሥራ በጀመረበት ዘመን ከመገጣጠሚያ በሽታዎች ሁሉ አስፈሪው የመገጣጠሚያ ቲቢ ነበር። የቲቢ ባክቴሪያ እስከ 1882 ድረስ አልታወቀም፤ መድኃኒትም አልነበረውም። በሽታው የብዙ ሕፃናትን ዳሌና ጉልበት ያበላሽ ነበር። ብዙዎቹ ቀዶ ሐኪሞች የታመመውን መገጣጠሚያ ቈርጠው ያወጡ፣ አልፎም እግሩን በሙሉ ይቈርጡ ነበር። ቶማስ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። የተቈጣ መገጣጠሚያ ራሱን ለመፈወስ ኃይል እንዳለው፣ ይህን ኃይል የሚያውከው ግን እንቅስቃሴና ፍትጊያ መሆኑን አመነ። ስለዚህ ሐኪሙ ለመገጣጠሚያው ዕረፍት መስጠት አለበት፤ ዕረፍቱም በግድ የሚጠበቅ፣ ያልተቋረጠና እስከሚድን ድረስ የሚረዝም መሆን አለበት አለ። ትምህርቱ በአጭሩ ይኸው ነበር።

ነገር ግን ለመገጣጠሚያው ዕረፍት መስጠት ሰውየውን አልጋ ላይ ማስቀረት ማለት አልነበረም። የጉልበት ሕመምተኛው ድጋፉን ታጥቆ፣ ከደኅናው እግር ጫማ ሥር ከፍ የሚያደርግ ብረት ተደርጎለት፣ በምርኩዝ እየተረዳ በደጅ አየር እንዲዘዋወር ያደርግ ነበር። የታመመው ክፍል ያርፋል፤ የቀረው ሰውነት ይንቀሳቀሳል። በኋላ ዘመን የቶማስን ትምህርት በአልጋ ላይ ለወራት መጋደም አድርገው የተረዱት ብዙዎች ይህን ልዩነት ዘንግተውታል።

ስሙን ያስጠራው ስፕሊንት አሠራሩ ቀላል ነው። በቆዳ የተለበሰ የብረት ቀለበት በብሽሽት ዙሪያ ይገባና በመቀመጫ አጥንት ላይ ይደገፋል። ከቀለበቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ወርደው ከእግር መዳፍ በታች ይገናኛሉ። እግሩ ቀጥ ብሎ እንዲጎተት ሲፈለግ በቅልጥሙ ግራና ቀኝ ቆዳ ላይ ተለጣፊ ፕላስተር በቁመቱ ይለጠፋል፤ የፕላስተሩም ጫፍ ተወጥሮ ከዘንጎቹ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ቀለበቱ ከላይ ይገፋል፤ ፕላስተሩ ከታች ይስባል፤ የተሰበረው አጥንት በሁለቱ መካከል ልኩን ይዞ ይቀመጣል።

ለዘመኑ ባለሙያ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቆዳ ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ኃይል ተሸክሞ ለአጥንትና ለጡንቻ ማስተላለፍ እንደሚችል የቶማስ ስፕሊንት በግልጽ ያሳያል። ፕላስተሩ ከምን እንደሚታሰር፣ ወደየት እንደሚስብ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ሁሉ ተለክቶ ሊታወቅ ይችላል። ቶማስ ለሠራቸው ነገሮች ሁሉ ይህን መልስ ይዞ ነበር የሚከራከረው።

ከመሣሪያው ባላነሰ የጠቀመው ምርመራው ነው። ዳሌው በበሽታ የተኮማተረ ሰው በጀርባው ሲተኛ ወገቡን ከጠረጴዛው ላይ እንደ ቀስት በማንሣት ጭኑን የዘረጋ ያስመስላል፤ ጉድለቱም ከዓይን ይሰወራል። ቶማስ ደኅናውን ጭን ወደ ሆድ አጥፎ ወገቡ ከጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ አደረገ፤ ያን ጊዜ የታመመው ጭን በራሱ ይነሣል፤ የጉድለቱም መጠን በግልጽ ይታያል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከሁለት እጅና ከአንድ ጠረጴዛ በቀር መሣሪያ የማይፈልግ ይህ ምርመራ እስከ ዛሬ ድረስ በየክሊኒኩ ይሠራበታል።

ብቸኝነትና ሙግት

ቶማስ ትምህርቱን በ1875 ስለ ዳሌ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያዎች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ከ1883 ጀምሮም ተከታታይ ጽሑፎችን አወጣ። ይሁን እንጂ ሥራው በዘመኑ ብዙ ተቀባይ አላገኘም። ምክንያቱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው፣ ከወጌሾች ቤት የወጣ፣ የሆስፒታል ማዕርግ የሌለውና ከዋና ከተማው ርቆ የሚኖር ሰው ታላላቆቹን ሊያስተምር አይችልም የሚል ንቀት ነበር። ሁለተኛው የራሱ የቶማስ ጠባይ ነው። ተቃዋሚዎቹን በስማቸው እየጠራ ይዘልፋቸው ነበር፤ አጻጻፉም ለአንባቢ አይመችም ነበር። እውነት በእጁ ሳለች በቍጣው ምክንያት የሚሰማት አሳጣ።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ስፕሊንቱን ለፈረንሳዮች እንዳቀረበና እንዳልተቀበሉት ይነገራል። በሌላ በኩል ግን ጆን ሪድሎን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1887 ሊቨርፑል ድረስ መጥቶ ሥራውን በዓይኑ አየ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም የቶማስን ስፕሊንት መጠቀም ቢጀምር በዚሁ ምክንያት በሆስፒታሉ የነበረውን ቦታ አጣ። ሪድሎን ግን አልተመለሰም፤ ትምህርቱን በአሜሪካ ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ሆነ።

ቶማስ በ1891 መጀመሪያ ላይ፣ በብርቱ ክረምት ሕመምተኛ ሊጎበኝ ወጥቶ ብርድ መታው፤ ወደ ሳንባ ምችም ተለወጠበትና ጥር (ጃንዩወሪ) 6 ቀን በ56 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ቀን የሊቨርፑል ሠራተኞች በሺህ እየሆኑ ወጥተው ሸኙት። ሹመት ያልሰጠው የሙያው ዓለም ነው እንጂ፣ የዳኑት ሰዎችስ አልረሱትም።

ከሞቱ በኋላ

ሮበርት ጆንስ ከአጎቱ የተቀበለውን ዕውቀት በለሰለሰ አንደበትና በሰከነ ጠባይ ይዞ ተነሣ። በ1888 የማንቸስተር የመርከብ ቦይ ሲቈፈር የሥራው ዋና ቀዶ ሐኪም ሆኖ ተሾመ፤ በቦዩ መስመር ላይ በተሠሩት ሆስፒታሎችም በአደጋ ለተጎዱት በሺህ ለሚቈጠሩ ሠራተኞች የቶማስን ዘዴ በሰፊው ሠራበት።

ከዚያም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ጭናቸው በጥይት የተሰበረ ወታደሮች እግራቸው እየተንገዋለለ በቃሬዛ ሲጓዙ በደም መፍሰስና በድንጋጤ ይሞቱ ነበር። ጆንስና ባልደረቦቹ የቶማስ ስፕሊንት ከጦር ግንባሩ አጠገብ፣ ወታደሩ ከመጓዙ በፊት፣ ከነልብሱና ከነጫማው እንዲታሰርለት አደረጉ፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎችም በጨለማ እንዲችሉት ዓይናቸው ተሸፍኖ ይለማመዱ ነበር። በ1917 በአራስ ውጊያ ከታዩት 1,009 የጭን ስብራቶች መካከል የሞቱት ከመቶ 15.6 ብቻ ነበሩ። በጦርነቱ መጀመሪያ ከመቶ 80 ይሞቱ ነበር የሚለውን፣ በመጻሕፍት ሲደጋገም የኖረ አኀዝ ግን የቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎች የተጋነነ ነው ብለው ይጠራጠሩታል፤ ለመሻሻሉም የቀዶ ሕክምናው መፍጠንና ሌላውም እንክብካቤ ድርሻ ነበረው። የስፕሊንቱ ጥቅም ግን ከጥርጣሬ ውጭ ነው። የሞተው ሰው መልስ ከመቃብሩ በኋላ 26 ዓመት ቈይቶ ደረሰ።

ቶማስ የተሳሳተበት

ታላቅ ሰውን ማክበር ስሕተቱን መደበቅ አይደለም። ቶማስ ለቲቢ መገጣጠሚያና ለተሰበረ አጥንት የሠራውን ደንብ ለሌላውም ጉዳት ሁሉ ሊያውለው ፈለገ። በእርሱ ዘመን ፈረንሳዊው ሉካ ሻምፒዮኒየር ስብራት እንኳ በማሸትና በመጠን በሆነ እንቅስቃሴ ቶሎ እንደሚድን ያስተምር ነበር። በኋላ የመጣው ዕውቀት ለፈረንሳዊው ብዙ ፈረደለት። የታሰረ ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ካናዳዊው ሮበርት ሶልተር ከ1970 ጀምሮ በእንስሳት ላይ ባደረገው ምርምር፣ የተጎዳ የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት በእንቅስቃሴ ከእስራት ይልቅ የተሻለ እንደሚጠገን አሳየ። በ1986 የታተመ ጥናትም ለወገብ ሕመም የሁለት ቀን ዕረፍት የታዘዘላቸው ሰዎች ሰባት ቀን ከታዘዘላቸው ይልቅ ፈጥነው ወደ ሥራ እንደ ተመለሱ፣ በሌላውም ነገር እንዳልተጎዱ አረጋገጠ። ለቲቢው ደግሞ በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ ረጅሙ ዕረፍት ዋና ምክንያቱን አጣ።

ከስፕሊንት ወደ ቴፕ

እንቅስቃሴን ከድጋፍ ጋር የማስማማት ሐሳብ ቶማስ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ግልጽ መልክ ያዘ። በ1895 የኒው ዮርኩ ቨርጂል ጊብኒ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚትን በተነባበሩ የፕላስተር ቁራጮች እንደ ቅርጫት ጠልፎ በማሰር፣ ሕመምተኛው ሥራውን ሳያቋርጥና ምርኩዝ ሳይዝ እንዲራመድ የሚያስችለውን ዘዴ አሳተመ። የማይለጠጠው የስፖርት ማሰሪያ ከዚህ መስመር የመጣ ነው። ቀድሞ ወለም ብሎት የሚያውቅ ስፖርተኛ በቴፕ ወይም በተዘጋጀ ድጋፍ ቁርጭምጭሚቱን ሲያስር ጉዳቱ የመደገም ዕድሉ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል።

የሚለጠጠውን ቴፕ ያመጣው ጃፓናዊው ኬንዞ ካሴ ሲሆን ጊዜው 1979 ነው። ከጥጥ ተሠርቶ በአክሪሊክ ሙጫ የሚጣበቀው ይህ ጨርቅ ከልኩ ወደ አንድ ግማሽ ያህል ይለጠጣል፤ በቆዳ ላይም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ሊቈይ ይችላል። እንቅስቃሴን አይገታም፤ ይልቁንም ቆዳውን በጥቂቱ በማንሣት የደምና የሊምፍ ዝውውርን ያቃልላል፣ ሕመምን ይቀንሳል፣ ጡንቻንም ይረዳል ተብሎ ቀረበ። በ2008 በቤይጂንግ፣ ይልቁንም በ2012 በሎንዶን በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን መስኮት ታይቶ በዓለም ተሰራጨ።

ማስረጃው ግን ዝናውን ያህል አይደለም። በ2010ዎቹ የወጡ ጥናቶችን አሰባስበው የመዘኑ ሥራዎች እንደሚያሳዩት፣ በሚለጠጥ ቴፕ የሚገኘው የሕመም መቀነስ ጥቂትና ለአጭር ጊዜ ነው፤ ያለ ውጥረት እንዲሁ ከተለጠፈ የማስመሰያ ቴፕ ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የለም ወይ ለሕመምተኛው ቁም ነገር የሚሆን አይደለም። ጉዳቱም ጥቂት ነው፤ በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታና ማሳከክ ያመጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው በጥቂቱ ተረጋግቶ የታዘዘለትን የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ እንዲሠራ ካደፋፈረው ለጥቂት ቀን ሊለጠፍለት ይችላል፤ የእንቅስቃሴውን ቦታ እንዲወስድ፣ ወይም ያልታወቀን ሕመም ሳይመረምሩ እንዲሸፍን ከተፈለገ ግን ወጪና መዘግየት ብቻ ይሆናል።

የቶማስ ሕይወት ለዚህ ዘመን ባለሙያ የሚሰጠው መለኪያ እዚህ ላይ ይሠራል። ማንኛውም ማሰሪያ ኃይሉ ከየት ወደየት እንደሚሄድ፣ የሚያሳርፈው ወይም የሚደግፈው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚፈታና ለመዳን ምልክቱ ምን እንደ ሆነ ሊነገርለት ይገባል። ለቶማስ ስፕሊንትና ለቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ይህ ሊነገር ይችላል። ለሚለጠጠው ቴፕ የተባለው ሁሉ ግን ገና በዚህ ሚዛን አልጸናም።

ይኸው ሚዛን ለወጌሻውም ያገለግላል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች ከመጠን በላይ ጠብቆ በታሰረ ስብራት ምክንያት የደም ዝውውር ተቋርጦ እግሩ ወይም እጁ የበሰበሰበትን ልጅ ማየት የተለመደ ኀዘናቸው ነው። ጣቱ የቀዘቀዘ፣ ያበጠ፣ የጠቈረ ወይም የደነዘዘ ሕመምተኛ ማሰሪያው ወዲያው ሊፈታለት ይገባል፤ ይህን ለማወቅ የረጅም ዓመት ትምህርት አያስፈልግም። በ2005 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ተሞክሮ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚደርሰው የአካል መቈረጥ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ውጤቱ የተገኘው ወጌሻውን በመክሰስ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጦ በማስተማር ነው።

የሊቨርፑል ሐኪሞች ኤቫን ቶማስን በፍርድ ቤት ሲያሳድዱ የወጌሻው ዕውቀት ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ ለመመርመር ያሰበ አልነበረም። ያን ምርመራ ያደረገው የገዛ ልጁ ሲሆን፣ ከዚያ የተገኘው ፍሬ በጦር ሜዳ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አተረፈ። ሸምበቆ ይሁን ብረት፣ ፕላስተር ይሁን የሚለጠጥ ቴፕ፣ በሕመምተኛው አካል ላይ የሚያርፈውን ሁሉ ከማን እንደ መጣ ሳይሆን ምን እንደሚሠራ እየጠየቁ መመርመር የዚህ ሙያ ባልደረቦች ሁሉ ግዴታ ነው።